ለመጀመሪያ ጊታርዎ ከስሙና ከእንጨቱ በፊት የክሩን ከፍታ ይለኩ

ጥያቄ፦ ጊታር ነክቼ አላውቅም። እየዘፈንኩ ራሴን ለማጀብ መማር እፈልጋለሁ። ያለኝ ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ ተሳስቼ ብገዛ ሌላ መግዛት አልችልም። አንዱ «ናይለን ክር ያለውን ግዛ፣ ጣት አያሳምምም» ይለኛል፤ ሌላው «ዋናው እንጨቱ ነው» ይላል፤ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ያገለገለ ጊታሩን ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ምኑን አይቼ ልምረጥ?

መልስ፦ የሰጡዎት ምክር ውሸት የለበትም፤ ግን ዋናውን ነገር ዘሎታል። ጀማሪን ተስፋ አስቆርጦ ጊታር የሚያስጥለው አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ከፍሬቱ ርቆ መቀመጡ ነው። ፍሬት የምንለው አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን የብረት ዘንጎች ነው። ክሩ ከነሱ ከራቀ ለመጫን ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጣት ይቆስላል፣ የእጅ አንጓ ይዝላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ክሩ ያን ያህል ወደ ታች ሲጫን የበለጠ ስለሚወጠር ቅኝቱ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል። ስድስቱንም ክሮች በትክክል የቃኘ ጀማሪ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲይዝ የተበላሸ ድምፅ ይሰማል። ጆሮው ልክ ነው፤ እሱ ግን ራሱን ይጠራጠራል። ርካሽ ጊታርን ከውዱ የሚለየው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ፋብሪካው ለማስተካከያ ጊዜ አልሰጠውም። ደግነቱ ይህ ጉድለት ከመግዛትዎ በፊት በእጅዎ ባለ ዕቃ ይለካል፤ ብዙ ጊዜም በትንሽ ወጪ ይስተካከላል።

ስለዚህ ገንዘብዎን አሥር እጅ ቢከፍሉት ለጊታሩ ከስምንት እጅ በላይ አያውጡ። አንዱን እጅ ለማስተካከያ፣ ሌላውን ለአዲስ ክርና ለካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ ተጭኖ ለሚይዝ መቆንጠጫ) ያስቀሩት። መቃኛ በስልክ በነፃ ይገኛልና ለሱ አይክፈሉ። ከድምፅ ማጉያ ጋር የሚያያዝ ፒክአፕ ያለውንም ለጊዜው ይተዉት፤ በዝቅተኛ ዋጋ ፒክአፕ ሲጨመር የሚቀነሰው ከጊታሩ ጥራት ላይ ነው፣ ሲያስፈልግዎ በኋላ ማስገጠም ይቻላል። ከረጢት፣ ማንጠልጠያና መማሪያ በአንድ ላይ የታሸጉበት «ሙሉ ዕቃ» የሚባለውም እንደዚሁ ነው።

ናይለን ወይስ ብረት

ናይለን ለጣት ለስላሳ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ናይለን የሚታሰርበት ክላሲካል ጊታር አንገቱ ሰፊ ነው፤ ነቱ ላይ፣ ማለትም ክሮቹ ወደ ጊታሩ ራስ (መቃኛ ጥርሶቹ ወዳሉበት ጫፍ) በሚያልፉበት ጥርስ ባለው ነጭ ዘንግ ላይ ቢለካ 52 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የብረት ክር ያለው 43 ወይም 44 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ግን የመጀመሪያውን ኮርድ ሊይዝ ጣቱን ሲዘረጋ ወዲያው ይታወቀዋል። ብረቱ የሚያመጣው ሕመም ደግሞ ያልፋል። በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚለማመድ ሰው ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጣቱ ጫፍ ይጠነክራል። ስለዚህ ሕመምን ብቻ አይተው አይወስኑ።

የሚወስነው ሊጫወቱት ያሰቡት ነው። በፒክ (በትንሽ የክር መምቻ) ወይም በእጅ ስድስቱንም ክር እየመቱ ኮርድ በኮርድ ዘፈን ማጀብ ከሆነ የብረት ክር ይሻልዎታል፤ ጥርት ያለና ርቆ የሚሰማ ድምፅ አለው። በጣት አንድ በአንድ እየነጠሉ ለስለስ ያለ ድምፅ የሚፈልጉ ከሆነ ናይለን ይምረጡ። ከጥያቄዎ እንደምረዳው የብረቱ ለእርስዎ ይስማማል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር አያስሩበት። የተለመደው 12 ቁጥር (ቀጭኑ ክር 0.012 ኢንች የሆነው) የብረት ክር ስድስቱ በአንድ ላይ ሲወጠሩ ወደ 70 ኪሎ ግራም ይጎትታሉ፤ ናይለኑ ወደ 40 ነው። የክላሲካሉ ፊት ቀጭን፣ የውስጥ ድጋፉም ቀላል ስለሆነ ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ይነቀላል ወይም ፊቱ ያብጣል። ያገለገለ ክላሲካል ሲያዩ የብረት ክር ታስሮበት ካገኙት፣ የቱንም ያህል ቢረክስ ይለፉት።

ስለ መጠን ብዙ አልልም። ድሬድኖት የሚባለው ትልቁ ቅርጽ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ደረታቸው ጠባብ ወይም ክንዳቸው አጭር ለሆነ ሰዎች ግን ትከሻን ወደ ላይ ይሰቅላል። ተቀምጠው ጭንዎ ላይ ያድርጉት፤ ቀኝ ክንድዎ ሳጥኑን ተሻግሮ ሲያርፍ ትከሻዎ ከተነሳ ኮንሰርት የሚባለውን አነስ ያለ ቅርጽ ይሞክሩ። ግራኝ ከሆኑ ለግራኝ የተሠራውን ይፈልጉ፤ ክር ገልብጦ ማሰር ነቱንና ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ዘንግ) መቀየር ስለሚጠይቅ ርካሽ መፍትሔ አይሆንም።

እንጨቱስ?

ልዩነቱ ፊቱ ላይ ነው። የጊታሩ ፊት ወጥ እንጨት ከሆነ በነፃነት ይርገበገባል፤ ድምፁም ሰፋ ያለና ሕይወት ያለው ይሆናል። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ድምፁ ጠበብ ይላል፤ በአንጻሩ እርጥበትና ድርቀትን ይችላል፣ ቶሎም አይሰነጠቅም። ለመለየት የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በብርሃን ይመልከቱ። ፊቱ ላይ የሚታዩት የእንጨት መስመሮች በጠርዙ ውፍረት ላይ ሳይቋረጡ ወደ ታች ከወረዱ ወጥ ነው። መሐሉ ላይ ሌላ ቀለም ያለው ንብርብር ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው። ጠርዙ በቀለም ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ ከሆነ በዚህ መንገድ መለየት አይቻልም፤ የሞዴሉን ዝርዝር ማንበብ ይኖርብዎታል።

ጎንና ጀርባው በዚህ ዋጋ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ኮምፔንሳቶ ነው፤ አያሳስብዎት። ሁለት ጊታር ቀርቦልዎት አንዱ ፊቱ ወጥ ሆኖ ክሩ የራቀ፣ ሌላው ኮምፔንሳቶ ሆኖ ክሩ የተስተካከለ ቢሆን፣ ማስተካከያ የማያገኙ ከሆነ ሁለተኛውን ይውሰዱ። የማይያዝ ጊታር ጥሩ ድምፅ ስለኖረው ማንም አይጫወትበትም።

ለማመሳከሪያ እንዲሆንዎት፦ ያማሃ ኤፍ 310 ፊቱ ኮምፔንሳቶ የሆነ፣ ነቱ 43 ሚሊ ሜትር፣ ክሩ ከነት እስከ ሳድል 634 ሚሊ ሜትር የሆነ የጀማሪ ጊታር ነው። የዚያው ድርጅት ኤፍጂ 800 ፊቱ ስፕሩስ የሚባል ወጥ እንጨት ነው፤ ኤፍኤስ 800 የሚባለው ደግሞ ተመሳሳይ ሆኖ ሳጥኑ አነስ ያለ ነው። ሲ 40 ክላሲካል ነው፤ 52 ሚሊ ሜትር ነት፣ 650 ሚሊ ሜትር የክር ርዝመት። እነዚህን የጠቀስኩት ግዴታ ስለሆኑ አይደለም፤ በብዛት ስለተሠሩ ያገለገሉትም በብዛት ስለሚሸጡ ሌላውን ለማወዳደር ይጠቅማሉ። ስሙን የማያውቁት ጊታር ከታች ያለውን ልኬት ካለፈ ይግዙት።

ልኬቱ

ይዘው የሚሄዱት፦ ፊደሉና ቁጥሩ ጎልቶ ያልወጣ አራት የባንክ ካርድ፣ ሁለት ተራ የጽሕፈት ወረቀት፣ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፣ መቃኛ የተጫነበት ስልክ። የባንክ ካርድ ውፍረት በየትም አገር 0.76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጥሩ መለኪያ ነው። ተራ ወረቀት ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሁሉ በፊት ጊታሩን ይቃኙ፤ ክሩ የላላ ጊታር ሲለካ ከእውነቱ የተሻለ ይመስላል።

መጀመሪያ 12ኛውን ፍሬት ያግኙ። ብዙ ጊዜ አንገቱ ላይ ሁለት ነጥብ ያለበት ነው። ክሩን ሳይጫኑ፣ ካርዶቹን ደራርበው በ12ኛው ፍሬት አናትና በወፍራሙ 6ኛ ክር መካከል ያስገቡ። ሦስት ካርድ ክሩን ሳያነሳው ልክ ከገባ 2.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለብረት ክር በጣም ጥሩ ነው። አራት ካርድ ገብቶ ልክ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ መውረድ አለበት። አራቱ ገብተው አሁንም ክፍተት ከቀረ ምክንያቱን ሳያውቁ አይግዙ። በቀጭኑ 1ኛ ክር በኩል ሁለት ካርድ ሊገባ ይገባል፤ ሦስት ካርድ የመጨረሻው ወሰን ነው። ለክላሲካል ልኬቱ ይለያል፤ በወፍራሙ በኩል 4፣ በቀጭኑ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ጤናማ ነው፤ የናይለን ክር ሲርገበገብ ሰፊ ቦታ ይፈልጋልና።

ቀጥሎ አንገቱ ቀጥ ማለቱን ይዩ። 6ኛውን ክር በግራ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በቀኝ እጅ 14ኛው ፍሬት ላይ ይጫኑት። የተወጠረው ክር ራሱ ማስመሪያ ሆነልዎት። አሁን መሐል ላይ፣ 7ኛው ፍሬት አናት ላይ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ሁለት ወረቀት ተደርቦ ቢገባ ልክ ነው፤ አንገት ትንሽ ሰርጎድ ማለት አለበት። የባንክ ካርድ የሚገባ ከሆነ አንገቱ ከመጠን በላይ ጎብጧል። ምንም ክፍተት ከሌለና ክሩ ፍሬቱ ላይ ከተኛ ደግሞ ወደ ኋላ ጎብጧል፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ፍሬት ሲጫወቱ ዝዝ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ሳድሉ ነው፤ ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ነጭ ዘንግ። ከብሪጁ በላይ ምን ያህል ወጥቶ ይታያል? በማስመሪያ ይለኩት።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ ሲያዩ ጊታሩ መዳን አለመዳኑ ይገባዎታል። ክሩ ርቆ፣ አንገቱም ጎብጦ ከሆነ ችግሩ ያለው ትረስ ሮድ ላይ ነው። ይህ አንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ሲሆን በአለን ቁልፍ ይጠበቃል፤ ቀዳዳው በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ ወይም በጊታሩ ራስ ላይ በትንሽ ክዳን ሥር ይገኛል። ወደ ቀኝ ሲዞር አንገቱ ይቃናል። በአንድ ጊዜ ከዙር አንድ ስምንተኛ በላይ አይዙር፤ እንደገና ቃኝቶ ለክቶ እንደገና ነው። ጠንክሮ እምቢ ካለ ያቁሙ፤ ከተበጠሰ አንገቱን ማውጣት ይጠይቃል። የክላሲካል ጊታሮች አብዛኞቹ ይህ ዘንግ የላቸውም፤ አንገቱ የጎበጠ ክላሲካል ስለዚህ አይገዛም።

ክሩ ርቆ፣ አንገቱ ግን ደህና ሆኖ፣ ሳድሉ ከብሪጁ በላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ከታየ ደስ ይበልዎት። ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ሳድሉ ከታች ይሞረዳል። ስሌቱ ሁለት ለአንድ ነው። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ 0.5 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከሳድሉ 1 ሚሊ ሜትር ይነሳል። ለምሳሌ 3.2 የነበረውን 2.5 ለማድረስ ልዩነቱ 0.7 ነው፤ ከሳድሉ 1.4 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል። ክሩን ያላሉ፣ ሳድሉን በፒንሳ ቀስ ብለው ወደ ላይ ያውጡ፣ የሚነሳውን ልክ በሹል እርሳስ ከግርጌው ያስምሩ። 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በመስተዋት ላይ አንጥፈው ሳድሉን ቀጥ አድርገው ይዘው ወዲያና ወዲህ ይሂዱበት። መስመሩ ላይ ሳይደርሱ ቆም ብለው መልሰው ይክተቱና ቃኝተው ይለኩ፤ የተነሳ አይመለስም። ግርጌው ጠፍጣፋ ካልሆነ ከብሪጁ ጋር በደንብ አይገናኝም፣ ድምፁም ይታፈናል። ሲጨርሱ ከብሪጁ በላይ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት።

ክሩ ርቆ፣ አንገቱ ደህና ሆኖ፣ ሳድሉ ቀድሞውኑ ብሪጁ ውስጥ ሰጥሞ ከሆነ ግን የሚሞረድ ነገር አልቀረም። የተበላሸው አንገቱ ከሳጥኑ ጋር የተያያዘበት ማዕዘን ነው። ማስተካከያው አንገቱን ነቅሎ እንደገና መግጠም ስለሆነ፣ በርካሽ ጊታር ላይ ከጊታሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሻጩ «ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ነው» ቢልዎትም ትተውት ይሂዱ። ያገለገለ ጊታር ገዝተው የሚያዝኑ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚች ላይ ነው።

የነቱን ነገር በአጭሩ፦ ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው 1ኛው ፍሬት አናት ላይ ይመልከቱ። የወረቀት ያህል ቀጭን ብርሃን መታየት አለበት። ሰፊ ክፍተት ካለ የነቱ ጥርሶች በደንብ አልተቆረጡም፤ ኤፍ ኮርድ የማይያዝ ተራራ የሚሆንብዎት በዚህ ነው። ሙከራው ቀላል ነው፤ ካፖ 1ኛው ፍሬት ላይ ሲያስሩ ጊታሩ በድንገት ከቀለለ ጥፋቱ የነቱ ነው። መቁረጡ ለየክሩ ውፍረት የተለየ ሞረድ ስለሚፈልግ ለባለሙያ ይተዉት፤ ሥራው ግን አጭር ነው።

ድምፁን መፈተሽ

ምንም ዘፈን ሳይችሉ ይህን ማድረግ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ክር ላይ ከ1ኛ ፍሬት ጀምረው አንድ በአንድ እየተጫኑ እስከ 14ኛ ይውጡ፤ በመጠነኛ ኃይል ይምቱ። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ዝዝ ካለ ከሱ ቀጥሎ ወደ ሳጥኑ በኩል ያለው ፍሬት ከፍ ብሏል። ሁለት ተከታታይ ፍሬቶች አንድ ዓይነት ድምፅ ከሰጡም እንደዚሁ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ባለሙያ መትቶ ያስተካክለዋል፤ አምስት ስድስት ቦታ ከሆነ አይግዙ። ባዶውን ሲመቱት ብቻ ዝዝ የሚል ክር ደግሞ የነቱ ጥርስ በጣም ጠልቆ መቆረጡን ያሳያል።

ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ይሥሩ። ክሩን ከፍሬቱ ብረት በላይ በጣት ጫፍ ነካ ብቻ አድርገው ይምቱና ጣትዎን ወዲያው ያንሱ፤ እንደ ደወል የቀጠነ ድምፅ ይወጣል። ስልኩ ላይ ቁጥሩን ያንብቡ። ቀጥሎ እዚያው ተጭነው ይምቱ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። እስከ 5 ሴንት (አንዱ ሴንት የአንድ ፍሬት ልዩነት መቶኛ ነው) ልዩነት ጆሮ አይረበሽም፤ ከ10 ካለፈ ኮርዶቹ ይሻክራሉ። ልዩነቱ በአንድ ክር ላይ ብቻ ከታየ ክሩ አርጅቶ ሊሆን ይችላልና በአዲስ ክር ይሞከር። በሁሉም ላይ ከፍ ብሎ ከታየና የክሩ ከፍታም ብዙ ከሆነ፣ ከፍታው ሲወርድ የተወሰነው ይስተካከላል።

የጓደኛዎን ጊታር ሲያዩ ደግሞ የሚከተሉትን ይጨምሩ። ወረቀቱን በብሪጁ የኋላ ጠርዝና በፊቱ መካከል ይግፉት፤ ውስጥ ከገባ ብሪጁ መነሣት ጀምሯል። አንገቱ ከጊታሩ ራስ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከጀርባ በኩል በጣት ይዳስሱ፤ ተሰብሮ በኮላ የተጠገነ ጊታር ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። ፊቱን በጣት አንጓ በየቦታው ያንኳኩ፤ የሚንኮሻኮሽ ካለ ከውስጥ ድጋፉ ለቋል። በ1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ፍሬት ላይ ክሩ ያረሰው ጎድጓዳ መኖሩን ይመልከቱ፤ ትንሽ ምልክት አይጎዳም። መቃኛ ጥርሶቹን ያዙሩ፤ ሳያዘልሉ፣ ሳይከብዱ መዞር አለባቸው። ጭረትና የደበዘዘ ቀለም ግን ዋጋ ለማስቀነሻ ይጠቀሙበት እንጂ አያስፈራዎት። ከአዲስ ርካሽ ጊታር ይልቅ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ይሻላል ባይ ነኝ፤ እንጨቱ የሚጣመም ከነበረ እስካሁን ተጣሞ ይታያልና።

ከገዙ በኋላ

አሮጌውን ክር ይቀይሩ። ለጀማሪ 10 ወይም 11 ቁጥር፣ ማለትም 1ኛው ክር 0.010 ወይም 0.011 ኢንች የሆነውን እመክራለሁ፤ ከ12 ቁጥር ይልቅ ለጣት ይቀላል፣ አንገትንም ያነሰ ይጎትታል። ጉተታው ስለሚቀንስ አንገቱ ትንሽ ሊቃናና ዝዝታ ሊመጣ ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ትረስ ሮዱን በጣም በትንሹ ማላላት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ክር መቀየር፣ አንድ ቀን ማሳደር፣ አንገቱን ማየት፣ በመጨረሻ ሳድሉን መንካት ነው። ሳድሉን አስቀድሞ የሞረደ ሰው አንገቱ ሲስተካከል ክሩ ፍሬት ላይ ይተኛበታል።

ማስቀመጫው ከፀሐይና ከማሞቂያ የራቀ ይሁን፤ የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ለእንጨቱ ይመቸዋል። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ሙቀቱ ኮላውን አለስልሶ ብሪጁን ያስነሣዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሲቃኙ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። አንዳንድ ስልክ የኖታውን ስም ብቻ ስለሚያሳይ፣ 1ኛውን ክር ከትክክለኛው አሳልፎ አንድ ኦክታቭ ላይ ያለውን (ስሙ ያው ሆኖ ቀጥሎ ከፍ ያለውን) «ኢ» ፍለጋ የሚያከር ብዙ ነው፤ ክሩ እዚያ ሳይደርስ ይበጠሳል። ስልኩ ሄርዝ የሚያሳይ ከሆነ 6ኛው ክር 82.4፣ 1ኛው 329.6 ላይ መቆም አለበት። ካላሳየ 2ኛውን ክር መጀመሪያ ቃኝተው 5ኛው ፍሬት ላይ ይጫኑት፤ ያ ድምፅና ባዶው 1ኛ ክር አንድ ናቸው። 1ኛውን ሲያከሩ ያንን ድምፅ እያሰሙ በዝግታ ይቅረቡት፤ ፊትዎንም ከክሩ ዘወር ያድርጉ።